ቦታ ሲጠብ፤ ልዩ ልዩ ዓይነት እስስቶችን በአንድ ቤት ስለ ማኖር

ቡና የሚነግድ ሰው ቡናውን ከላምባ በርሜል ጋራ በአንድ መጋዘን አያኖርም። ሻይ የሚያስመጣም ነጋዴ የሻዩን ሣጥን ከሳሙና ካርቶን አጠገብ አይደረድርም። እንዲህ የሚያደርጉት ቦታ ስለ ተረፋቸው አይደለም፤ ሁለቱን ዕቃ በአንድነት በማስቀመጥ የሚቈጠበው ኪራይ፥ ዕቃው ሽታ ወስዶ ዋጋው ሲወድቅ ከሚደርሰው ኪሣራ እጅግ ያነሰ መሆኑን ሙያቸው ስላስተማራቸው ነው። ይህ ደንብ በማይንቀሳቀስ ዕቃ ላይ እውነት ከሆነ፥ በሚተነፍስ፣ በሚበላና በሚፈራ ዕቃ ላይ ይልቁን እውነት ነው።

ሕያዋን እንስሳትን ለሚነግዱ ሰዎች ይህን ነገር አጉልቶ የሚያሳየው እስስት ነው። በኢትዮጵያ ጠባዩ የማይጨበጥ ሰው «እንደ እስስት ይለዋወጣል» ተብሎ ይነቀፋል እንጂ፥ እስስትን በገንዘብ ገዝቶ በቤቱ የሚያኖር ሰው ብዙ አይገኝም። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን እስስት ተገዝቶ በየቤቱ ይቀመጣል፤ ስለዚህም የሚያረባው፣ የሚያመላልሰውና የሚሸጠው ነጋዴ አለ። ይህ ነጋዴ ዘወትር የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ክፍሉ ትንሽ ሲሆንና ደንበኞች ልዩ ልዩ ዓይነት ሲፈልጉ፥ የተለያዩትን እስስቶች በአንድ ቤት አኑሮ ቦታ ማትረፍ ይቻላልን? የሚል ነው። መልሱ አይቻልም የሚል ነው። ዳሩ ግን «አይቻልም» ብሎ መተው ትምህርት አይሆንም፤ ምክንያቱንና የጠበበውን ቦታ ለማስፋት የቀረውን መንገድ ማሳየት ያስፈልጋል።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ንግዱና ስለ ሕጉ

በዓለም ላይ ከ200 የሚበልጡ የእስስት ዓይነቶች ይታወቃሉ። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ በማዳጋስካር የሚገኙ ናቸው፤ ከቀሩት አብዛኞቹ በአፍሪካ ዋና ምድር፥ ጥቂቶቹም በዓረብ አገር፣ በደቡብ አውሮፓና በሕንድ ይኖራሉ።

በንግዱ ዓለም እጅግ የታወቁት ሦስት ናቸው። አንደኛው የየመን እስስት ነው። ይህ በየመንና በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚኖር ሲሆን፥ በራሱ ላይ እንደ ቆብ የቆመ ከፍ ያለ አጥንት አለው፤ ወንዱ ከጅራቱ ጋራ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ዛሬ በገበያ ከሚገኙት የየመን እስስቶች አብዛኞቹ በሰው እጅ የተራቡ ናቸው። ሁለተኛው ፓንተር በሚል ስም የሚጠራው የማዳጋስካር እስስት ነው። እርሱም በደሴቲቱ ሰሜንና ምሥራቅ ሞቃትና ርጥብ ዳርቻ የሚኖር ሲሆን፥ የወንዱ ቀለም እንደ ትውልድ ቦታው ይለያያል፤ ስለ ቀለሙም ውበት ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ሦስተኛው የጃክሰን እስስት ነው። ይህ የኬንያና የታንዛኒያ ደጋ ተወላጅ ነው፤ ወንዱ በፊቱ ላይ ሦስት ቀንዶች አሉት። ሁለቱ የፊተኞቹ ዕንቍላል ሲጥሉ፥ ይህ ሦስተኛው ግን ሕያው ግልገሎችን ይወልዳል።

የዱር እንስሳት ንግድ እንደ ስንዴና እንደ ጨርቅ ንግድ ልቅ አይደለም። ሳይትስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው፥ የመጥፋት አደጋ የሚያሰጋቸውን የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ የሚቈጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1973 በዋሽንግተን ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ ውሏል። ከላይ የተጠቀሱት ሦስቱ እስስቶች በስምምነቱ ሁለተኛ መዝገብ ውስጥ ስላሉ፥ ያለ ፈቃድ ወረቀት ከአገር አገር ሊሻገሩ አይችሉም። ከማዳጋስካር የሚወጡት እስስቶች ብዛት እጅግ በመጨመሩም፥ በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ከጥቂት ዓይነቶች በቀር የደሴቲቱ እስስቶች እንዳይነገዱ ታግዶ ነበር። ኢትዮጵያም በ1989 የስምምነቱ አባል ሆናለች።

ስምምነቱ ስለ ወረቀት ብቻ የሚናገር አይደለም። ሕያው እንስሳ ሲጓጓዝ የመቍሰል፣ የመታመምና የመጨነቅ አደጋው እንዲያንስ ሆኖ መዘጋጀት እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ የአኗኗሩ ጉዳይ የርኅራኄ ነገር ብቻ ሳይሆን የሕግም ነገር ነው።

ስለ እንስሳው ጠባይ

የእስስት ዓይኖች እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ይዞራሉ። አንደኛው ወደ ፊት ሲመለከት ሌላው ወደ ኋላ ሊመለከት ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ የሚኖር እስስት የጎረቤቱን መኖር የሚረሳበት ጊዜ የለውም፤ ፊቱን አዙሮ ሊተወው አይችልምና።

ብዙ ሰው እስስት ቀለሙን የሚለውጠው ያረፈበትን ቦታ ለመምሰል ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከዚህ የሰፋ ነው። በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በፓንተር እስስት ላይ ባደረጉት ምርመራ፥ በቆዳው ውስጥ ባሉ ሕዋሳት ውስጥ እጅግ ረቂቅ የሆኑ ብልጭልጭ ቅንጣቶች በሥርዓት ተደርድረው እንደሚገኙ አስረድተዋል። እንስሳው ጸጥ ባለ ጊዜ ቅንጣቶቹ ተቀራርበው አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳሉ፤ በተቈጣ ወይም በተነሣሣ ጊዜ ግን ይራራቁና ቀለሙ ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ያደላል። ከዚህ በፊት በ2013 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወንዶች የየመን እስስቶችን አገናኝተው ሲመለከቱ፥ የጎናቸው ሰንበር ይበልጥ የደመቀው ወደ ጠላቱ ለመቅረብ የሚደፍር፥ የራሱም ቀለም ይበልጥ የደመቀውና ፈጥኖ የተለወጠው የሚያሸንፍ ሆኖ አግኝተዋል። የተሸነፈውም ቀለሙን አጨልሞ መሸነፉን ይገልጣል።

እንግዲህ ቀለም ለእስስት ቋንቋ ነው። በዱር የተሸነፈው ቀለሙን አጨልሞ ወደ ሌላ ዛፍ ይሄዳል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። በሽቦ ቤት ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። በየዕለቱ እንደ ተሸነፈ ይኖራል፤ ባለቤቱም ጥል ስላላየና ደም ስላልፈሰሰ «ተስማምተዋል» ብሎ ይጽናናል። ከአንድ ሳምንት በኋላ መብል ሲተው፥ ከዚያም ሲከሳ ያየዋል። ሲሞትም ምክንያቱ አይገባውም።

አብሮ ማኖር የማይገባባቸው አራት ምክንያቶች

አንደኛው ምክንያት የአየር ጠባይ ነው። እስስት የራሱን ሙቀት ከውስጡ አያወጣም፤ ከፀሐይና ከአካባቢው ይወስዳል። የየመኑ እስስት የሚሞቅበት ቅርንጫፍ እስከ 32 ወይም 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስለት ይገባል። ለደገኛው የጃክሰን እስስት ግን ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ሌሊቱም በደንብ ቀዝቅዞ አየሩም ርጥብ ሆኖ እንዲያድር ይፈልጋል። የመናዊውን የሚያስደስት ክፍል ደገኛውን ያደርቀዋል፤ ደገኛውን የሚያስደስት ክፍል የመናዊው የበላውን እንዳይፈጭ ያደርገዋል። ሁለቱን በመካከለኛ ሙቀት ላስታርቅ የሚል ሰው ሁለቱንም ይበድላል። አንድ ሙቀት ለደጋና ለቆላ እኩል ሊሆን እንደማይችል፥ ደጋና ቆላ ባለበት አገር ለሚኖር ሰው ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ምክንያት ከላይ የተነገረው የመተያየት ነገር ነው። እስስት ብቻውን መኖርን የመረጠ እንስሳ ነው፤ ወንድና ሴት እንኳ የሚገናኙት ለመራባት ብቻ ነው። የፀነሰች የየመን እስስት ሰውነቷን አጨልማ በሰማያዊና በቢጫ ነጠብጣብ ታሸበርቃለች፤ ይህም ወንዱን «አትቅረበኝ» የምትልበት ምልክት ነው። በጠባብ ቤት ከወንድ ጋራ የተዘጋባት ሴት ይህን ምልክት ስታሳይ ትውላለች፤ የሚሰማት ግን የለም። ከሌላ ዓይነት ጋራ የተዘጋ እስስት ደግሞ የባሰ ችግር ያገኘዋል፤ የአንዱ ዓይነት ምልክት ለሌላው በትክክል አይገባውምና።

ሦስተኛው ምክንያት የአካል መጠንና የመብል ነገር ነው። በእስስቶች መካከል ያለው የመጠን ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። በ2021 በማዳጋስካር መገኘቱ የተገለጠው ብሩኬዥያ ናና የተባለው እስስት ወንዱ ከጅራቱ ጋራ 22 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፥ በዚያችው ደሴት የሚኖረው የፓርሰን እስስት ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። ትልልቆቹ እስስቶች ትናንሽ እንሽላሊቶችን፥ አንዳንድ ጊዜም ትናንሽ እስስቶችን ይበላሉ። መጠናቸው ቢቀራረብ እንኳ፥ ምላሱን ፈጥኖ የሚወረውረው ፌንጣውን ሁሉ ይለቅማል፤ የፈራው ደግሞ ከተደበቀበት ሳይወጣ ጦሙን ያድራል። ውኃም እንዲሁ ነው፤ እስስት በሣህን የቀረበለትን ውኃ አብዛኛውን ጊዜ አያውቀውም፤ የሚጠጣው በቅጠል ላይ የተንጠባጠበውን ነው። የሚንጠባጠብበትን ጥሩ ቅርንጫፍ የያዘው ጠጥቶ፥ ሌላው ተጠምቶ ይውላል።

አራተኛው ምክንያት በሽታ ነው። ይህ ከሁሉ ይልቅ የማይታይና ከሁሉ ይልቅ የሚያከስር ነው። ከዱር የተያዘ እስስት በሆዱ ትላትሎችንና ሌሎች ጥገኛ ተሐዋስያንን ይዞ ይመጣል። በተወለደበት ጫካ ከእነዚህ ጋራ ተቻችሎ ይኖር ነበር፤ በጕዞ የደከመ እንደ ሆነ ግን ይበረቱበታል። ለሌላ አገር እስስት ደግሞ እነዚህ ተሐዋስያን አዲስ ጠላቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ዶሮ አርቢዎች ኮክሲዲያ የሚሉትን በሽታ ያውቁታል፤ እስስትም የራሱ የሆነ የኮክሲዲያ ዓይነት አለው። የሚተላለፈውም እንደ ዶሮው በኵስ ነው፤ ኵሱ ላይ የተመላለሰው ፌንጣ ለሁለተኛው እስስት መብል ሲሆን በሽታው አብሮ ይገባል። በአንድ ቤት ሦስት ዓይነት ያኖረ ሰው የሦስት አገር በሽታ አገናኝቷል ማለት ነው።

በሃዋይ የሆነው ነገር

ቦታና ዝግጅት ሳይኖር እስስትን ማስመጣት እስከ ምን ሊያደርስ እንደሚችል አንድ የታወቀ ታሪክ ያስረዳል። በ1972 በሃዋይ፥ ኦዋሁ በተባለችው ደሴት፥ የቤት እንስሳት የሚሸጥ አንድ ባለ ሱቅ ከኬንያ የጃክሰን እስስቶችን አስመጣ። እንስሳቱ ከረጅሙ ጕዞ በኋላ ከስተውና ውኃ ጠምቷቸው ደረሱ። በዚህ ሁኔታ ሊሸጡ ስለማይችሉ፥ እስኪያገግሙ ድረስ በአትክልቱ ቦታ ውስጥ ለቀቃቸው። የሃዋይ ኰረብታ አየር እንደ ኬንያ ደጋ ለስለስ ያለ ስለ ነበረ እስስቶቹ አገገሙ፤ ነገር ግን ወደ ባለቤታቸው አልተመለሱም። ከአትክልቱ ወጥተው ተራቡ፤ ከጊዜ በኋላም ማዊንና ሃዋይ የተባለችውን ትልቂቱን ደሴት ጨምሮ በሌሎች ደሴቶች ተገኙ።

ይህ ለእስስቶቹ መልካም ዕድል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ለደሴቶቹ ግን አልሆነም። የሃዋይ ዛፎች በሌላ ዓለም የማይገኙ ቀንድ አውጣዎች መኖሪያ ናቸው፤ ተመራማሪዎች የተያዙትን እስስቶች ሆድ ከፍተው ሲመለከቱ እነዚህን ብርቅ ቀንድ አውጣዎች በውስጡ አግኝተዋል። የአንድ ሱቅ የቦታ ችግር በዚህ አኳኋን የአንድ አገር ችግር ሆነ። ስለዚህ ቦታ የጠበበበት ነጋዴ በአንድ ቤት ማጨቅ እንደማይገባው ሁሉ፥ ወደ አትክልት መልቀቅም ከቶ አይገባውም።

በዱር አብረው ይኖሩ የለምን?

አንዳንድ ሰው እንዲህ ብሎ ይከራከራል። በማዳጋስካር በአንድ ጫካ ውስጥ አያሌ የእስስት ዓይነቶች ይኖራሉ፤ እግዚአብሔር በአንድ ጫካ ያኖራቸውን ሰው በአንድ ቤት ቢያኖራቸው ምን ይጐዳል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በጫካው ውስጥ ይገኛል። ትናንሾቹ ብሩኬዥያዎች ቀን በወደቀው ቅጠል መካከል ይመላለሳሉ፤ ሌሊት በአጫጭር ቍጥቋጦ ላይ ያድራሉ። ሌሎች በመካከለኛው ቅርንጫፍ፥ ሌሎችም በረጃጅሞቹ ዛፎች ላይ ይኖራሉ። እንግዲህ ጫካው አንድ ቤት ሳይሆን ብዙ ፎቅ ያለው ከተማ ነው። ጠባብ የሽቦ ቤት ይህን ሊሰጥ አይችልም።

ይህን በሰው እጅ ለመሥራት ምን ያህል ቦታ እንደሚያስፈልግ የዙሪክ የእንስሳት መጠበቂያ ቦታ ያሳያል። በ2003 የተከፈተው ማሶአላ የተባለው አዳራሽ 11,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ከአንድ ሔክታር ይበልጣል ማለት ነው። በውስጡ የማዳጋስካር ጫካ ተተክሎ የፓንተር እስስቶች ከሌሎች የደሴቲቱ እንስሳት ጋራ ያለ አጥር ይኖራሉ። እዚያ አብሮ መኖር የተቻለው ሁሉም የአንድ አገር አየር ተወላጆች በመሆናቸውና እያንዳንዱ ከሌላው ዓይን የሚሰወርበት ዛፍ በማግኘቱ ነው።

ሌላው ክርክር ስለ ግልገሎች የሚነሣው ነው። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት፥ ከሌሎች ግልገሎች ጋራ ካደጉት ይልቅ ብቻቸውን ያደጉት የየመን እስስት ግልገሎች ቶሎ የሚሸነፉና መብል ለመያዝም የሚዘገዩ ሆነው መገኘታቸውን አመልክቷል። ይህ እውነት መደበቅ የለበትም። ዳሩ ግን ጥናቱ የሚናገረው ስለ አንድ ዓይነትና ስለ ግልገልነት ዘመን ነው። በእድሜ እኩያ የሆኑ የአንድ እናት ልጆች ለጥቂት ጊዜ አብረው ቢያድጉ፥ የጐለመሱ የልዩ ልዩ አገር እስስቶች አብረው ይኑሩ ለማለት ማስረጃ አይሆንም።

የቦታው ሒሳብ

አሁን ነገሩን በነጋዴ ዓይን መመልከት ይገባል። አንድ ነጋዴ ርዝመቱ 4 ሜትር፥ ወርዱ 3 ሜትር የሆነ አንድ ክፍል አለው እንበል። ለአንድ ጐልማሳ የየመን ወይም የፓንተር እስስት በተለምዶ የሚመከረው የሽቦ ቤት ወርዱና ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር፥ ቁመቱ 120 ሳንቲ ሜትር ነው። በሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች ላይ በየመካከላቸው መከለያ እየተደረገ 6፣ 6 ቤት ይቆማል፤ በመካከልም 1 ሜትር ከ80 የሚሆን መተላለፊያ ይቀራል። እንግዲህ ክፍሉ የሚይዘው 12 እስስት ነው።

ነጋዴው በየቤቱ አንድ አንድ ብቻ አኑሮ 12 እስስት ቢገዛ፥ አንዱን በ1,000 ብር ገዝቶ ለመብልና ለመብራት 200 ብር ቢያወጣ፥ ጠቅላላ ወጪው 14,400 ብር ይሆናል። ከ12ቱ አንዱ ሞቶ 11ዱ እያንዳንዳቸው በ2,500 ብር ቢሸጡ ገቢው 27,500 ብር፥ ትርፉም 13,100 ብር ነው።

አሁን ደግሞ ይኸው ነጋዴ በየቤቱ ሦስት ሦስት ዓይነት አኑሮ 36 እስስት ቢገዛ፥ ወጪው 43,200 ብር ይሆናል። ከላይ በተነገሩት ምክንያቶች እኩሌታው ቢሞትና 18ቱ ቢሸጡ፥ ገቢው 45,000 ብር፥ ትርፉም 1,800 ብር ብቻ ነው። ሁለት ተጨማሪ ቢሞቱበት ግን 3,200 ብር ይከስራል። ይህም የተረፉት ሳይከሱ በሙሉ ዋጋ ተሽጠዋል ተብሎ ነው። ሦስት እጥፍ ገንዘብ አውጥቶ ከሰባት እጅ አንድ እጅ የማይሞላ ትርፍ ማግኘት፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴት ያስታውሳል።

ሦስተኛ መንገድ ግን አለ። ነጋዴው 12ቱን ሽጦ ክፍሉን አጥቦ ሌላ 12 ቢያስገባ፥ እነርሱንም ሽጦ እንደገና ሌላ 12 ቢያስገባ፥ በመጨረሻው ያው 36 እስስት በእጁ አልፏል። ሒሳቡ እንደ ፊተኛው ቢሆን ትርፉ 39,300 ብር ይሆናል። በእያንዳንዱም ጊዜ ከኪሱ የሚወጣው 14,400 ብር ብቻ ነው። የጠበበ ቦታ በጊዜ ይሰፋል እንጂ በማጨቅ አይሰፋም። እነዚህ ዋጋዎች ለምሳሌ የተሰጡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱን ዋጋ በቦታው አግብቶ ሊያሰላው ይችላል፤ የሒሳቡ መንገድ ግን አይለወጥም።

የሥራ ደንብ

ከላይ ከተነገረው የሚከተሉት ደንቦች ይወጣሉ።

1. ለአንድ ክፍል በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ብቻ ይያዝ። ደንበኞች ልዩ ልዩ ዓይነት ቢፈልጉ፥ ትእዛዛቸው በመዝገብ ተጽፎ በየተራው ይምጣላቸው። ሁለት ዓይነት መያዝ ግድ ከሆነ፥ የሚፈልጉት ሙቀት የተቀራረበ ይሁን፤ የየመኑና የፓንተሩ በአንድ ክፍል በተለያየ ቤት ሊያዙ ይችላሉ፤ ደገኛው የጃክሰን እስስት ግን በእነርሱ ክፍል አይገባም።

2. ለእያንዳንዱ ጐልማሳ እስስት ለየብቻው ቤት ይሰጠው። በቤቶቹም መካከል የማያሳይ መከለያ ይደረግ። መስተዋት መከለያ አይደለም፤ አየርን ይከለክላል እንጂ ዓይንን አይከለክልም።

3. ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ እስስት ከነባሩ ጋራ አይቀላቀል። ሁለተኛ ክፍል የሌለው ነጋዴ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስገባ፥ ሁሉንም ጨርሶ ያስወጣ፥ ክፍሉንም አጥቦና አድርቆ እንደገና ይጀምር። ይህ በዶሮ እርባታ የታወቀ ሥርዓት ነው።

4. ከአንዱ ቤት የተረፈ ፌንጣ ወደ ሌላው ቤት አይዘዋወር። ዕቃና እጅም ከቤት ወደ ቤት ሲተላለፉ ይታጠቡ።

5. የፀነሰች ሴት የምትቈፍርበት ርጥብ አሸዋና አፈር በጥልቅ ዕቃ ይዘጋጅላት። የምትቈፍርበት ያጣች ሴት ዕንቍላሏን በሆዷ ይዛ ልትሞት ትችላለች።

6. በየጥዋቱ ስለ እያንዳንዱ እስስት በመዝገብ ይጻፍ፤ በላ ወይስ አልበላም? ጠጣ ወይስ አልጠጣም? ቀለሙ እንዴት ነው? ዓይኑ ወደ ውስጥ የገባ ውኃ ጠምቶታል፤ በቀን ዓይኑን የሚጨፍን ታሟል። እስስት ሕመሙን ይደብቃል፤ ስለዚህ የሚታየው ምልክት ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ሳይሆን የመጨረሻው ነው። ያን ጊዜ ሳይዘገይ ወደ እንስሳት ሐኪም መላክ ይገባል።

7. ከክፍሉ አቅም በላይ የሆነ ጭነት ሲቀርብ፥ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይገዛ።

ከእነዚህ ሁሉ ለነጋዴ የሚከብደው ሰባተኛው ነው። ርካሽ ጭነት በደጁ ቆሞ «አልገዛም» ማለት የሙያውን ጠባይ የሚቃወም ይመስላል። ነገር ግን ያ ጭነት የሚረክሰው አብዛኛውን ጊዜ ላኪው ራሱ ቦታ ስለ ጠበበውና እንስሳቱ ስለ ደከሙበት ነው። ገዢው የሚረከበው እስስት ብቻ ሳይሆን፥ የላኪውን ኪሣራ ጭምር ነው።

ማጠቃለያ

ኢትዮጵያም የራሷ እስስቶች አሏት። በደጋዎቿ፥ በተለይም በባሌ ተራሮችና በሐረና ጫካ፥ በሌላ አገር የማይገኙ እስስቶች ይኖራሉ። የዱር እንስሳትን መያዝና ወደ ውጭ መላክ ሥልጣን ካለው መሥሪያ ቤት በሚሰጥ ፈቃድ ብቻ የሚሆን ነው፤ እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 541 ይህን ደንግጓል። ስለዚህ ይህ ትምህርት የቀረበው ማንም ሰው ወደ ጫካ ወጥቶ እስስት ይልቀም ለማለት አይደለም። ጫጩት ለሚያመላልስ፣ ንብ ለሚሸጥ፣ በግና ፍየል ለሚያጓጕዝ ነጋዴ ሁሉ የሚጠቅም ስለ ሆነ ነው።

በመጋዘን የተበላሸ ቡና ዋጋው ይወድቃል እንጂ ቡናው አይሠቃይም። በሽቦ ቤት የተጨነቀ እንስሳ ግን ዋጋው ከመውደቁ በፊት አስቀድሞ ብዙ ቀን ይሠቃያል። ነጋዴው ስሌቱን በትክክል ሲያሰላ ከርኅራኄው ጋራ በአንድ መስመር ላይ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ቦታህ የሚችለውን ያህል ብቻ ያዝ፥ እያንዳንዱንም እንደ ተፈጥሮው አኑር ይላሉና።